አንስተውኝ ሄዱ

ወዳጄ ጡረታ ወጥቶ ካሜራ ከገዛ ወዲህ ቅዳሜያችን ተበላሸች። ድሮ ቅዳሜ ማለት ቡና፣ ጋዜጣና ሐሜት ማለት ነበር። አሁን ቅዳሜ ማለት "ብርሃን" ሆኗል። "ብርሃኑ እንዳያመልጠን!" ይለኛል፣ የመጨረሻው አውቶቡስ ይመስል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሒሳብ ሹምነት የሠራ፣ አንድ ሳንቲም ከጎደለች እንቅልፍ የማይወስደው ሰው፣ ዛሬ ለአንዲት ጥላ ብሎ ጤዛ ላይ በሆዱ ይተኛል።

ባለፈው ኅዳር ደወለልኝ። አርባ ፎቶግራፎች መርጦ ዐውደ ርእይ ሊያሳይ ነው። ለተመልካች በሚታደለው መጽሔት ላይ መግቢያ እንድጽፍለት ፈልጓል። "ሥነ ጽሑፍ ያስተማርክ ሰው ነህ፤ ሁለት ገጽ ጥሩ ጥሩ ነገር ጻፍልኝ" አለኝ። እኛ አገር ኂስ ማለት ወዳጅ ለወዳጁ የሚጽፈው "ጥሩ ጥሩ ነገር" ከሆነ ሰነበተ። የመጻሕፍቱን ጀርባ ገልብጣችሁ አንብቡ፤ ሁሉም ደራሲ ብዕሩ የሰላ ነው፣ ሁሉም ሥራ "ዘመን ተሻጋሪ" ነው። እኔም ከዚህ ኃጢአት ንጹሕ አይደለሁም። ቢሆንም "ስታነሳ ሳላይህ አልጽፍም" አልኩት። "እንግዲያው ቅዳሜ ጢያ እንሄዳለን" አለኝ።

ጢያ ከአዲስ አበባ በቡታጅራ መንገድ ወጥቶ፣ ዓለም ገናን አልፎ፣ አዋሽን መልካ ቁንጡሬ ላይ ተሻግሮ፣ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዙ የምትገኝ የሶዶ ጉራጌ መንደር ናት። ስሟን ያስጠሩት ትክል ድንጋዮቿ ናቸው። 36 ናቸው፤ ከእነዚህ ውስጥ 32ቱ ላይ ሰይፍ፣ ክብ፣ ቅርንጫፍ የመሰለ ምልክት ተቀርጿል። ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገባቸው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። አስጎብኚዎች የሰይፉ ቁጥር ሟቹ የገደላቸውን ጠላቶች ብዛት ይናገራል ይላሉ። እውነት ይሁን ተረት፣ ቁፋሮው ያረጋገጠው ነገር ቦታው መካነ መቃብር መሆኑን ነው። ፈረንሳዊው የቅድመ ታሪክ ተመራማሪ ሮዤ ጁሶም ስለ ጢያ ያዘጋጁት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1995 ታትሟል። ከድንጋዩ ሥር ያለው ሰው ግን ማን ይባል እንደነበር የሚነግረን የለም። የምናውቀው አንድ ነገር ነው፤ ሰው ሞቶበት ያዘነ ሕዝብ፣ ሟቹ እንዳይረሳ ሲል ይህን የሚያህል ድንጋይ ጠርቦ፣ ጎትቶ አቁሟል። ይቺን ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት ወጥተን፣ ጥበቃውን ለምነን፣ ፀሐይ ልትወጣ ስትል ግቢው ውስጥ ነበርን። እዚህ ላይ ወዳጄን ማመስገን አለብኝ። እኔ ጢያን ከአሁን በፊት ሁለት ጊዜ አይቻታለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ቀትር ላይ፣ ቡታጅራ ምሳ ለመብላት ስንጣደፍ። ያን ጊዜ ያየሁት የቆመ ድንጋይ ብቻ ነበር። ለካስ ቅርጹ ጥልቅ ስላልሆነ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትሆን ይጠፋል። ጠዋት ብርሃኑ ከጎን እየታከከ ሲመጣ ግን እያንዳንዱ ሰይፍ ጥላውን ይዞ ከድንጋዩ ብድግ ይላል። ወዳጄ ትንፋሹን ውጦ፣ አንዱን ድንጋይ ሩብ ሰዓት ጠብቆ፣ አንድ ጊዜ ብቻ "ቀጭ" አደረገ። "የቀትር ፎቶ የሞተ ነው" አለኝ ቀና ብሎ። ሃያ ዓመት ተማሪዎቼን "ቀስ ብላችሁ አንብቡ" እያልኩ ስለፈልፍ የኖርኩትን ነገር እሱ በሩብ ሰዓት ሠርቶ አሳየኝ።

ነገር የመጣው ከድንጋዩ ወደ ሰው ስንዞር ነው።

ከግቢው ወጥተን ወደ መንደሩ ስንዘልቅ አንድ አሥር ዓመት የሚሆነው ልጅ ፍየሎች እየነዳ መጣ። የለበሰው የአርሰናል ማሊያ ነው። ወዳጄ ፊቱ ጨፈገገ። "ማሙሽ፣ እስቲ ይቺን ማሊያ አውልቃት።"

"ለምን?"

"ፎቶውን ታበላሽብኛለች።"

"አርሰናል እኮ ነው!" አለ ልጁ። ደጋፊ የሆናችሁ ይህ ስድብ የት ድረስ ዘልቆ እንደሚገባ ታውቁታላችሁ። አላወልቅም ብሎ ፍየሎቹን ነድቶ ሄደ።

ቀጥሎ የመብራት ምሰሶ መጣ። ወዳጄ ሦስት እርምጃ ወደ ግራ ተራመደና ምሰሶውን ከዛፍ ጀርባ ደበቀው። ቀጥሎ ቆርቆሮ ቤት መጣ። በጉልበቱ ተንበረከከና በአጥሩ ጋረደው። አንድ ቢጫ ጀሪካን ነበር፤ እሱን በእግሩ ገፋ አደረገው። ምን ቀረ? ጭስ፣ አጥርና ሣር። ወዳጄ አንዲትን መንደር በአምስት ደቂቃ ውስጥ ከ21ኛው መቶ ዘመን አውጥቶ የት እንደሆነ የማይታወቅ ዘመን ውስጥ አስገባት። ማስተማሪያ ክፍል ውስጥ "ተራኪው ምን ነገረን?" ብዬ ከጠየቅሁ በኋላ ሁልጊዜ የማስከትላት ጥያቄ ነበረችኝ፤ "ምን ደበቀን?"

ከዚያ እማማ ቤት ደረስን። ስማቸውን እዚህ አልጽፈውም፤ ለጋዜጣ አላስፈቀድኳቸውም። ወዳጄ ሲመጣ ይህ አራተኛው ነው፤ ከአርባዎቹ ፎቶግራፎች ውስጥ የሚኮራበት የሳቸው ነው። አይቼዋለሁ። ግማሽ ፊታቸው በጭስ ተሸፍኗል፣ የተሸበሸበ እጃቸው ከፊት ወጥቶ ይታያል። ውብ ነው፤ ምን ይካዳል! ከሥሩ "ዘመን ያልነካት" ይላል። እማማ ደጃቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ቡና ይለቅማሉ። ሰላምታ ተለዋወጥን። ወዳጄ 50 ብር እጃቸው ላይ አኖረና ካሜራውን አነሳ። በዚህ መሀል ዘመን ያልነካቻቸው እማማ መቀነት ውስጥ ስልክ ጮኸ። ቡታጅራ ያለችው ልጃቸው ናት። በክስታንኛ ረዘም አድርገው አወሯት፤ ወዳጄ ካሜራውን እንዳነሳ ቆሞ ጠበቃቸው። ዘግተው ሲያበቁ መዳፋቸውን ከፊታቸው ዘረጉ።

"ቆይማ ልጄ። ያለፈውንስ የት አደረስከው?"

"የቱን እማማ?"

"ያነሳኸኝን ነዋ።"

"አለ፤ ቤት ኮምፒዩተር ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።"

"ያንተ ቤት?"

"አዎ።"

"እኔ ታዲያ አንተ ቤት ምን እሠራለሁ?"

ሳቅን። እሳቸውም ሳቁ፤ ግን አልተውትም። "ፈረንጆቹም አንስተውኝ ሄዱ። የከተማ ልጆችም አንስተውኝ ሄዱ። አንተም ይኸው አራተኛህ። ሁሉም አንስተውኝ ሄዱ፤ ያስቀመጠኝ የለም" አሉ። ከዚያ ገብተው በላስቲክ የተጠቀለለ መታወቂያ ይዘው ወጡ። የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል፣ ወይባ ፊት የማትለይ ጉርድ ፎቶግራፍ ናት። "የሞትኩ ዕለት ልጆቼ ይዘው የሚያለቅሱባት ይቺው ናት" አሉን።

ወዳጄ ካሜራውን አወረደ። እኔ ደግሞ እግሬ ከዳኝ፤ መደቡ ላይ ተቀመጥኩ።

ለምን መሰላችሁ? እናቴ በ1989 ዓ.ም. ስታርፍ ድንኳኑ ውስጥ የሚቆም ፎቶ ፈለግን። ቤቱን ገለበጥነው፤ የለም። ልጆቿ በየምርቃቱ፣ በየሠርጉ ተነስተናል፤ እሷ ሁልጊዜ ማጀት ነበረች። በመጨረሻ የተገኘው የቀበሌ መታወቂያዋ ነው። ወንድሜ ፎቶ ቤት ወስዶ አስተለቀው። ፊቷ ሲተልቅ ደበዘዘ፤ የቀበሌው ማኅተም ግን ጥርት ብሎ ወጣ፣ ትከሻዋ ላይ እንደ ሐምራዊ ግማሽ ጨረቃ። ሦስት ቀን በዚያ ማኅተም ፊት አለቀስን። ዛሬም ግድግዳዬ ላይ አለ፤ እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው እናቴን አይደለም፣ ማኅተሙን ነው። "ጉርድ" ማለት የተቆረጠ ማለት ነው። መንግሥት ከሰው የሚፈልገው ከደረት በላይ ያለውን ብቻ ስለሆነ ቆርጦ ያስቀረዋል። ለእናቴ የቀረላትም እሱ ነው።

ቋንቋችንን እንየው እስቲ። አማርኛ ፎቶ "አነሳ" ይላል። ዕቃ ይነሳል፣ ሸክም ይነሳል፣ አስከሬን ይነሳል። ሸክም ያነሳ ሰው አንድ ቦታ ማውረዱ አይቀርም፤ ሲያወርድም የባለቤቱ ደጅ ላይ ነው። ደግሞም ስም "ይነሳል"። "ስሙን አንስተን ስናመሰግነው ዋልን" እንላለን። ወዳጄ የእማማን ፎቶ አራት ጊዜ አንስቷል፤ ስማቸውን ግን አንድም ጊዜ አላነሳም። ከፎቶው ሥር የተጻፈው "ዘመን ያልነካት" ነው። ሦስት መንግሥት ያዩ፣ ልጆች አሳድገው ለከተማ የዳሩ፣ ስልክ መቀነታቸው ውስጥ የሚጮህ ሴት፣ ዘመን አልነካቸውም? ይልቅ ዘመን ያልነካው ነገር ካለ የእኛ አነሳስ ነው።

አነሳሱን ከየት አመጣነው? እ.ኤ.አ. በ1868፣ በእኛ 1860 ዓ.ም.፣ የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ሲወጣ ከመድፉ ጋር ካሜራም ይዞ ነበር፤ መሐንዲሶቹ ፎቶ አንሺዎችን ጨምረው መጥተዋል። ከአገራችን ቀደምት ፎቶግራፎች ብዙዎቹ እንዲህ ከወታደር ጋር የመጡ ናቸው። ጦሩ ሲመለስ የሰባት ዓመቱን ልዑል ዓለማየሁን ይዞ ሄደ፤ በዚያው ዓመት ታዋቂዋ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን እንግሊዝ አገር ፎቶ አነሳችው። የልጁን ዓይን ያየ ሰው "አንስቶ መሄድ" ምን እንደሆነ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ከዚያ ወዲህም ካሜራው ወደኛ የመጣው ሁለት ነገር ፈልጎ ነው፤ ወይ ረሃብ፣ ወይ ውበት። ረሃቡን በ1966 የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም፣ በ1977 የመሐመድ አሚን ካሜራ ከኮረም ለዓለም አሳዩት። ውበቱን "የ13 ወር ፀጋ" በሚለው መፈክር ሥር በየኤምባሲው የተሰቀሉት ፖስተሮች አሳዩ። መፈክሩ እ.ኤ.አ. በ2016 "ምድረ ቀደምት" በሚል ተተክቷል፤ ስሙ ራሱ ወደ ኋላ ነው የሚያየው። ፍርደ ገምድል አልሁን፤ የኮረሙ ፊልም እህል አምጥቷል፣ ነፍስ አትርፏል። የዲምብልቢውን ደርግ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር እያቀላቀለ በቴሌቪዥን አሳየው፤ በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ። ምስል ጉልበት አለው። ነገር ግን በሁለቱም ዓይነት ውስጥ፣ በረሃቡም በውበቱም፣ የሚታየው ሰው ስም የለውም፤ ፎቶውም እሱ ዘንድ አልተመለሰም። የሚያሳዝነው፣ ዛሬ ካሜራው በእጃችን ገብቶ ሳለ እኛም የቆምነው ፈረንጁ የቆመበት ቦታ ላይ መሆኑ ነው። ምሰሶውን ለመደበቅ የምንራመዳት ሦስት እርምጃ እንኳ የእሱ ናት።

ሌላ መንገድ አልነበረንም እንዳይባል፣ ነበረን። የሰፈር ፎቶ ቤት! ከአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ከአርመኑ ከቦያጂያን ጀምሮ እስከ ሰፈራችን ፎቶ ቤት ድረስ፣ ተነሺው ራሱ መርጦ፣ ለብሶ፣ ተሰናድቶ የሚነሳበት ቤት ነበር። ከበስተጀርባ ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ፣ ከጎን የላስቲክ አበባ፣ መስመር የሌለው የስልክ እጀታ ጆሮ ላይ፣ ኮትና ክራባት ከፎቶ ቤቱ በውሰት። ስንቱን ስቀንበታል! "ውሸት ነው" እንላለን። ውሸት ከሆነም የተነሺው ውሸት ነው፤ ልሁን ብሎ የተመኘውን ነው የዋሸው። ወዳጄ ጀሪካኑን ሲገፋ የዋሸው ግን ለራሱ ነው። ከዚህም በላይ የፎቶ ቤቱ ደንበኛ በሳምንቱ መጥቶ ፎቶውን ተቀብሎ ይሄዳል፤ ጀርባው ላይ "ለማስታወሻ ይሁንሽ" ብሎ ጽፎ ለወደዳት ይሰጣል። ያቺ ፎቶ የምትኖረው ሰው ቤት ነው። ስትቀደድ እንኳ የሚቀዳት ተነሺው ነው፣ ወይ ፍቅረኛው!

እንግዲህ ኂሴ ይቺ ናት። የአንድን ሰው ፎቶግራፍ ስመለከት ብርሃኑንና አቀራረጹን ካየሁ በኋላ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ፤ ሰውየው እንዴት መነሳት እንደሚፈልግ ተጠይቋል ወይ? ፎቶውስ ደርሶታል ወይ? ሁለቱም "አይ" ከሆነ ውበቱን አልክድም፣ ግን የተሰረቀ ወርቅም ያብለጨልጫል።

ይህን ለወዳጄ መልካ ቁንጡሬ ስንደርስ መኪናው ውስጥ ነገርኩት። ባልነግረው ይሻል ነበር። መሪውን ጨብጦ ጸጥ አለ። አዋሽን ከተሻገርን በኋላ ነው የተናገረው።

"አንተ ከወንበርህ ሳትነሳ ትተቻለህ። እኔ በጡረታ ገንዘቤ ነዳጅ ሞልቼ፣ ሌሊት ተነስቼ እመጣለሁ። እኔ ባላነሳት ኖሮ ማን ያውቃት ነበር?"

"አሁንስ ማን አወቃት?" አልኩት።

"ከአንተ ጋር መጓዝ ጥፋቱ የኔ ነው" አለ። ዓለም ገና ድረስ ሬዲዮ ሰማን።

ግማሽ እውነት አለው፤ ለራሴ ስነግረው ግማሹን እቀበላለሁ። እኔ እማማን ምን አደረግኩላቸው? መደባቸው ላይ ተቀምጬ ቡናቸውን ጠጣሁ፣ ይኸው ጽሑፍ አደረግኳቸው። እኔም አንስቼ ሄድኩ እኮ! ልዩነቱ የኔ ካሜራ እስክሪብቶ መሆኑ ነው።

መግቢያውን ጻፍኩለት። ስለ ድንጋዮቹ አንድ ገጽ ሙሉ አመሰገንኩት፤ ከልቤ ነው። ስለ ሰዎቹ እላይ ያነበባችሁትን፣ ለስለስ አድርጌ ጻፍኩ። ላክሁለት። ሦስት ሳምንት ድምፁ ጠፋ። ቅዳሜ ቡናዬን ብቻዬን ስጠጣ፣ ቆረብኩ እንጂ ወዳጅ አጣሁ፣ አልኩ። በአራተኛው ሳምንት ደወለና "ጢያ ነበርኩ" አለኝ።

የእማማን ፎቶ 30 በ40 አሳጥቦ፣ በመስታወት አስገብቶ ይዞላቸው ሄዷል። እማማ ተቀበሉ፣ አገላበጡ፣ ከብርሃኑ አራቁት፣ አቀረቡት።

"ይቺ አሮጊት የማን ናት?"

"እርስዎ ነዎት እማማ።"

"እኔ? ፊቴ የታለ? ጭስ ነው ያነሳኸው።" ከዚያ "ቆየኝ" ብለው ገቡ። ቆየ። የክት ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ፀጉራቸውን በሻሽ አስረው ሲወጡ ቀትር ሆኗል፤ ያ ወዳጄ የሚጠላው "የሞተ" ብርሃን። ወንበር አስወጡ። የልጅ ልጃቸውን ጠሩ። ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያ የአርሰናሉ ልጅ! ማሊያውን አጥቦ ለብሶታል፤ አያቱ አጠገብ ደረቱን ነፍቶ ቆመ። ከጀርባቸው ቆርቆሮ ቤቱ፣ ከጎን የመብራት ምሰሶው። እማማ ካሜራውን ፊት ለፊት አይተው "በል አሁን አንሳ" አሉ።

በሳምንቱ ያቺን አሳጥቦ ወሰደላቸው። ተረከቡ። ግድግዳው ላይ የት እንደምትሰቀል ራሳቸው መርጠው፣ ሚስማሩን እሱን አስመቱት። የጭሱን ፎቶ በዐውደ ርእዩ ላይ እንዲያሳይ ፈቀዱለት፤ ከሥሩ "ዘመን ያልነካት" የሚለው ወጥቶ ስማቸው ገብቷል፣ በሙሉ፣ ከነአባታቸው። እሱንም ጠይቋቸው ነው።

"አዲሲቷን ፎቶ ግን ለዐውደ ርእይ አላወጣትም" አለኝ፤ "ጥላው ዓይናቸው ላይ ወድቋል፣ ምሰሶው ከልጁ ጭንቅላት ላይ የበቀለ ይመስላል። ሥነ ጥበብ አይደለችም።"

ስልኩ ላይ አሳየኝ። እውነቱን ነው፤ ምሰሶው ከልጁ አናት ላይ በቅሏል። ይሁን። ከስምንት መቶ ዓመት በፊት ድንጋይ ያቆሙት የዚያ አካባቢ ሰዎችም ሥነ ጥበብ ፍለጋ አልተነሱም፤ የሞተባቸው ሰው እንዳይረሳ ነው። እማማ በቁማቸው ያቺን ድንጋይ አገኙ። የዛሬ ስንት ዓመት፣ ዕድሜ ይስጣቸውና፣ ልጆቻቸው ይዘዋት የሚያለቅሱባት ማኅተም የላትም።

እናንተስ? በየስልካችሁ ውስጥ ስንት ሰው አንስታችሁ አስቀምጣችኋል? የሠፈር ጉልት ቸርቻሪ፣ የገጠር አጎት፣ በየመንገዱ ያገኛችሁት ሽማግሌ። አንዷን እንኳ አሳጥባችሁ አድርሱ። ፎቶ ቤቶቹ ሁሉም አልተዘጉም፤ የእኛ ሰፈሩ ዛሬም ክፍት ነው።